ጎባ ላይ ባቡር የነዱት ጋሽ ስለሺ

ጋሽ ስለሺ ማረፋቸውን የነገረችኝ የሐጂ ከድር ልጅ ዘይነባ ናት። ስልኩን አንስቼ ገና ሄሎ ከማለቴ፣ «አስኩ፣ የባቡሩ ሰውዬ ሞቱ» አለችኝ። ስማቸውን መጥራት አላስፈለጋትም። በጃንሆይ ዘመን ጎባ የኖረ ሰው «የባቡሩ ሰውዬ» ከተባለ ሌላ ማንንም አያስብም፤ ባሌ ውስጥ ባቡር አልነበረማ። ዛሬም የለም። እሳቸው ግን ነበራቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ልጃቸው ቤት፣ ምሳ በልተው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አሸለቡ አሉ። አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ሳቅ አመለጠኝ። ዘይነባም ከወዲያ በኩል ስታለቅስ ቆይታ ሳቀች።

ያኔ እኔ ጎባ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ጋሽ ስለሺ የከተማውን መብራት የሚሰጠውን ሞተር የሚጠብቁና የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሲነሳ የካኪ ካፖርታቸውን አንገት ወደ ላይ ይቀስሩና «ይሄ አገር ማን ከፍቶ እንደተወው አላውቅም» ይላሉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ እንደሚሰካው ካቻቢቴ ይሰካሉ። ባትሪ ኃይል ይኑረው አይኑረው የሚያውቁት በምላሳቸው ቀምሰው ነው፤ ቀምሰውም ፊታቸውን አጨማደው «ትንሽ ጨው ጎድሎታል» ይላሉ።

ሁለት ነገራቸውን ጎባ ሁሉ ያውቃል። አንደኛው፣ የተበላሸ ነገር ሲነገራቸው «የት ላይ ነው የተቋረጠው?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ሬዲዮ ቢሆን፣ የሰው ወገብ ቢሆን፣ የፈረሰ እጮኝነት ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ሁለተኛው ባርኔጣቸው ነው። የለፉበት ነገር ሲሳካላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው ያገኙት ሰው ራስ ላይ ይደፉታል። አንድ ጊዜ ሞተሩ ከብዙ እምቢታ በኋላ ሲነሳላቸው ለጉብኝት የመጣ ትልቅ ሹም ራስ ላይ ደፍተውበት ሰው ሁሉ ክው ብሎ ነበር። ሹሙ ግን ባርኔጣውን እንዳደረገ ጉብኝቱን ጨረሰ።

የተወለዱት አዋሽ፣ ሐዲድ ዳር ነው። አባታቸው ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። «እኔ እሹሩሩ ሳይሆን ባቡር ነው ያስተኛኝ» ይሉ ነበር። ጎባ ተመድበው ሲመጡ ዝምታው እንቅልፍ ነሳቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ሲያጫውቱኝ፣ «ሌሊት ተነስቶ ይቀመጣል፤ ምን ሆንክ ስለው፣ ባቡሩ ዘገየ ይለኛል» ብለውኛል።

ታዲያ አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁ የጠገበውን የአሻንጉሊት ባቡር፣ ሁለት ጎታች ሞተር ያለው፣ ከነፉርጎውና ከነሐዲዱ በካርቶን ሰጣቸው። የጣት ርዝመት ያለው፣ ሐዲዱ ውስጥ በሚሄድ ኤሌክትሪክ የሚሽከረከር እውነተኛ የሚመስል ባቡር ነው። ጋሽ ስለሺ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ሐዲድ ገዝተው እየጨመሩ፣ ሦስተኛ ሞተርም ገዝተው፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ጠረጴዛ እዚያው ቤት ውስጥ አናጺ አስገብተው አሠሩ። አንደኛው ጫፍ ጎባ ነው። መሐሉ ሮቤ። ሌላኛው ጫፍ ዲንሾ። ከጆንያና ከጭቃ ተራራ ሠርተው ዋሻም አበጁለት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እትዬ የሺመቤት «ነይ ሮቤ ጋ ተቀመጪ፣ ጎባ ይበርዳል» ማለት ጀመሩ። ወደ ጓዳ ለመግባት ጠረጴዛው ሥር ማጎንበስ ግድ ነበር። እትዬ የሺመቤትም እንጀራ ተሸክመው ሲያጎነበሱ «መሿለኪያ ነው፣ ቀስ» ይሉ ነበር።

ወሬው ገጠር ድረስ ደረሰ። በእኛ አገር የእህል ወፍጮም ባቡር ነው የሚባለው። አንድ ቀን ከሮቤ ወዲያ ካለ መንደር አንዲት እናት ስንዴ በአህያ ጭነው ጋሽ ስለሺ በር ላይ ቆሙ።

«ባቡሪ ኤሳ ጂራ?» አሉ፣ ባቡሩ የት ነው ማለታቸው ነው።

ጋሽ ስለሺ በክብር አስገቧቸው። ባቡሩን አስነሱት። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትንሹ ባቡር ከዋሻ ወጥቶ ወደ ዋሻ ሲገባ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይሄ ምን ይፈጫል?»

«ምንም አይፈጭም እናቴ።»

«ታዲያ ማን እያባረረው ነው የሚሮጠው?»

ጋሽ ስለሺ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ግድግዳ ተደገፉ። ከዚያ አህያዋን ራሳቸው እየነዱ ሴትዮዋን እውነተኛው ወፍጮ ቤት አደረሷቸው፤ ዱቄቱ እስኪወጣም አብረው ወረፋ ጠበቁ።

እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ባቡር ሐዲዱ ላይ ሲያስቀምጡ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይቆማሉ። አንዱን ወደ ኋላ ልመልስ ሲሉ ሁለቱም ይመለሳሉ። ኤሌክትሪኩ ሐዲዱን ሁሉ አንድ ላይ ይዞታላ። «ይሄ መንታ ነው እንጂ ባቡር አይደለም» ይሉ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት አዋሽ ያዩትን ነው፤ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ በራሱ ነጂ፣ በራሱ ፍጥነት።

ሐዲዱን በየቦታው ቆረጡት። በቁራጮቹ መሐል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የቀንድ ማበጠሪያ ስባሪ ከተቱ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሽቦ አወረዱ። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ በተገኘ ጥምዝ ሽቦ ሁለት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሠሩ፤ እጀታውን ወደ ቀኝ ሲገፉት ይፈጥናል፣ ወደ ግራ ሲሉት ይዘገያል። ሁለቱንም ከአንድ ባትሪ ጋር አገናኟቸው። እሳቸው አንዱን ባቡር ወደ ፊት፣ እትዬ የሺመቤት ሌላውን ወደ ኋላ ሲያደርጉት፣ ከጠረጴዛው ሥር ጭስ ተነሳ።

እትዬ የሺመቤት ውሃ ይዘው ሲሮጡ፣ ጋሽ ስለሺ «እንዳትደፊው! ተረድቼዋለሁ!» ብለው ጮኹ። የተረዱት፣ ሁለት ነጂ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትት አንድ ባትሪ መሐል ላይ እንደሚቃጠል ነው። ለእያንዳንዱ ነጂ የየራሱ ባትሪ ያስፈልጋል። ነገር ግን የትኛው ነጂ የትኛውን የሐዲድ ቁራጭ መቼ እንደሚይዝ፣ መቼስ እንደሚለቅ ገና መላ አላገኙለትም።

መላውን ያገኙት እኔ ጋ ነው፤ እኔ ግን ምንም አላደረግሁም። የስልክ ቤታችንን ባትሪዎች ሊያዩ መጥተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ከኋላዬ ቆሙ። ፊቴ ያለው ሰሌዳ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ መስመር ነው። አንድ ሰው «ሮቤን ስጪኝ» ሲለኝ ገመዱን ይዤ ጫፉን ሮቤ ቀዳዳ ላይ እሰካለሁ።

«አስካለ» አሉኝ፣ «ሮቤን ለአንድ ሰው ሰጥተሽ ሳለ ሌላው ሮቤን ቢልሽስ?»

«መስመር ተይዟል እላቸዋለሁ።»

«እምቢ ቢልሽስ?»

«ቢጮኹስ ጋሼ! ቀዳዳው አንድ ነው። የያዘው ካልለቀቀ ምን አደርጋለሁ?»

ጎንበስ ብለው ሰሌዳውን አዩት። ከዚያ ራሴ ላይ አንድ ሙቅ ነገር ወደቀ። ባርኔጣቸው ነው። ወዲያው ወጥተው ሄዱ፤ እኔም ባርኔጣ አድርጌ ስልክ ሳቀብል ዋልኩ።

አለቃችንን አስፈቅደው መጋዘን ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ሰሌዳ ከነገመዶቹ ወሰዱ። እያንዳንዱን የሐዲድ ቁራጭ ከአንድ ቀዳዳ ጋር አያያዙ። እያንዳንዱ ነጂ ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱን ባቡሩ ባለበት ቁራጭ ቀዳዳ ይሰካል፣ ሌላውን ቀድሞ በሚቀጥለው ላይ። ባቡሩ ሲያልፍ የኋለኛውን ነቅሎ ወደ ፊት ይወስደዋል። ቀዳዳው ሁለት ገመድ አይቀበልምና፣ ሌላ ሰው የያዘውን ቁራጭ ማንም ሊገባበት አይችልም። መጠየቅ አለበት፤ ያኛውም መልቀቅ አለበት።

ለሦስተኛው ባቡርም መቆጣጠሪያ ሠሩለት፤ የቀረው ባትሪ ነበር። አንድ የራሳቸው አለ፤ ሁለት ጎደለ። ጎባ ውስጥ ደህና ባትሪ ያላቸው ደግሞ የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴው ሐጂ ከድርና ባለ ትልቁ ሬዲዮ አቶ ክፍሌ ናቸው። አቶ ክፍሌ የጋሽ ስለሺ ቤት አከራይም ናቸው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አይነጋገሩም ነበር። ግቢያቸው ጎን ለጎን ነው። አንድ ጊዜ ወንድማማች ይመስሉ ነበር። አቶ ክፍሌ ግቢያቸው ውስጥ ያስቆፈሩት ቦይ ክረምት ላይ ሞልቶ የሐጂን ዱቄት መጋዘን አጥለቀለቀው። ሐጂም በሁለቱ ግቢ መሐል የነበረውን መተላለፊያ በር በሚስማር አሸጉት። በዚያ በር የምናልፈው እኛ የሠፈሩ ሰዎች ነን፤ ቧንቧ ውሃ የምንቀዳው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ እንስራ አዝለን በጭቃው ቁልቁለት መዞር ሆነ። አንዲት እርጉዝ ጎረቤታችን ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። ሽማግሌዎች ደጋግመው ተቀመጡ። አንዱ ስለ ቦዩ ይናገራል፣ አንዱ ስለ በሩ፤ ተነስተው ይሄዳሉ።

ጋሽ ስለሺ ሁለቱንም ለየብቻ ባትሪ ለመኗቸው። ሁለቱም በአንድ ቅድመ ሁኔታ እሺ አሉ፤ ራሳቸው እንዲነዱ። ሐጂን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አቶ ክፍሌን ሐሙስ ሐሙስ አስተማሯቸው። ሁለቱም እንደ ልጅ ወደዱት። ሐጂ ከድር ሰፊ ትከሻቸውን አጥፈው፣ ገመዱን በሁለት ጣት ይዘው፣ «ቢስሚላህ» ሳይሉ አይሰኩም ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሽ ስለሺ ሠፈሩን ሁሉ ጠሩ። ሐጂ ሲገቡ አቶ ክፍሌ ዲንሾ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ።

«ስለሺ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ባትሪዎ እዚያ ነው ሐጂ፤ ጎባ ጋ።»

ባትሪያቸውን ጥለው መሄድ አልፈለጉም። ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ሦስተኛውን ባቡር እኔ ያዝኩ። ቤቱ ሰው ጢም ብሎ፣ መስኮት ላይም ሰው ተንጠልጥሎ ነበር።

ባቡሮቹ ተነሱ። የሐጂ ከጎባ ወደ ሮቤ፣ የአቶ ክፍሌ ከዲንሾ ወደ ሮቤ። የእኔ ሮቤ ጣቢያ ካሉት ሁለት የጎን መስመሮች በአንዱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን እንደዚያ ዓይነት ነገር አይተን አናውቅም፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ቀስ ይላል፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይሄዳል። ሰው አጨበጨበ። አቶ ክፍሌ ሮቤን ቀድመው ይዘው አልፈው ወደ ጎባ ገሰገሱ። ሐጂም ከዚያ በኩል እየመጡ ነው። በሁለቱ መሐል አንድ ባዶ ቁራጭ ቀረ። ባቡሮቹ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆሙ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ያን ሰውዬ ወደ ኋላ ተመለስ በይልኝ።»

አቶ ክፍሌም ወደ እኔ ዞሩ። «የሚመለሰው እሱ ነው በይልኝ።»

አፌን ስከፍት ጋሽ ስለሺ ጣታቸውን አነሱ። «አስካለ፣ ዛሬ ስልክ የለም። ባቡርሽን ጠብቂ።»

እትዬ የሺመቤት በሰዎቹ መሐል ሻይ እያደሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ስኳር ጨምሩ እያሉ ያልፋሉ። ጋሽ ስለሺ ጠረጴዛው ሥር ገብተው ምንም ያልጎደለውን ሽቦ ይነካካሉ። ሁለቱ ሰዎች የየራሳቸውን ባቡር አፍጥጠው ያያሉ።

«ክፍሌ! ወደ ኋላ በል!» ሐጂ ፈነዱ።

«አንተ በል! መንገድ መዝጋት ለምደሃል!»

«እኔ ነኝ? መጋዘኔ ላይ ውሃ የለቀቀው ማነው?»

«እኔ ቦይ የት አየሁ? ቀን ሠራተኞቹ ያለእኔ ቆፈሩት። እኔ ጊኒር ነበርኩ!»

«ጊኒር ምን ትሠራለህ?»

አቶ ክፍሌ እጀታቸውን ለቀቁ። ድምፃቸውም ወረደ። «እህቴን ቀብሬ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ስመለስ በርህን በሚስማር መትተህ ጠበቅከኝ። ሠፈሩ ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎኛል፤ አንተ ብቻ ቀረህ። ስለ ቦዩ ምን ብዬ ላውራህ?»

የሐጂ ከድር እጅ እጀታው ላይ ቀረ። እሳቸው ያኔ ከሐረና ጫካ ቡና ሊጭኑ ወደ አንገቱ ከተማ ወርደው፣ ዝናብ መንገድ ዘግቶባቸው ብዙ ቆይተዋል። የመጡት ዱቄታቸው ሊጥ ከሆነ በኋላ ነው። ከእኛም ማንም አልነገራቸውም፤ የሚያውቁ መስሎን ነበር።

«አበበች?» አሉ። «አበበች ሞተች?»

«አላወቅህም?»

«ዋላሂ አላወቅሁም።»

ተነሱ። ወደ አቶ ክፍሌ እንዳይደርሱ ጠረጴዛው መሐል ቆሟል። ያ ግዙፍ ሰው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በመሿለኪያው ሥር ዳዴ እያሉ ሄዱ። እዚያ ሥር ካሉት ከጋሽ ስለሺ ጋር ተያዩ አሉ፤ ጋሽ ስለሺም ጠጋ ብለው አሳለፏቸው። በወዲያ በኩል ሲወጡ ጋቢያቸው ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። አቶ ክፍሌን አቅፈው «አላህ ያጽናህ ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ» እያሉ አለቀሱ። ሁለት ሽማግሌ ሲያለቅሱ ያየ ሠፈር ሁሉ አብሮ አለቀሰ። አበበችን ጭራሽ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ያለቅሱ ነበር።

መጨረሻ ላይ አቶ ክፍሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ መቆጣጠሪያቸው ተመለሱ። ባቡራቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወሰዱት፣ ሮቤ ሌላኛው የጎን መስመር ውስጥ አስገቡት፣ ገመዱንም ነቀሉ። «ለቅቄያለሁ ሐጂ። እለፍ።»

ሐጂ እንደገና በጠረጴዛው ሥር ተመልሰው ባቡራቸውን አሳለፉ። ጭብጨባው ቤቱን ነቀነቀው። ጋሽ ስለሺ ከሥር ሲወጡ ባርኔጣቸው አልነበረም፤ በጨለማ ውስጥ ሐጂ ራስ ላይ ደፍተውት ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ የነበረውን ሚስማር ሐጂ ራሳቸው ሲነቅሉ አየን። ቦዩንም አዞሩት። ሠፈሩ ጋሽ ስለሺን አስታራቂ ብሎ ሊያሞግሳቸው ሲሞክር ይቆጡ ነበር። «እኔ ባትሪ ነው የፈለግሁት!» ይላሉ። እኔም ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ሌላ መልስ አልሰጡኝም። ሽማግሌዎቹ ስለ ቦይና ስለ በር ሲጠይቁ፣ የት ላይ እንደተቋረጠ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጨዋታው አልተቋረጠም። ሐጂና አቶ ክፍሌ ተታረቁ እንጂ መጨቃጨቅ አልተዉም፤ ሮቤ ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ እየተባባሉ መንገድ ላይ ይሰማሉ። አንድ የሮቤ ስንዴ ነጋዴ መጥቶ ባቡሩ ሮቤ ላይ ለምን አጭር ጊዜ ብቻ እንደሚቆም በቁጣ ጠይቋል። ጋሽ ስለሺም የምሩን ጥያቄ በምር ተቀብለው ሮቤ ላይ መቆሚያውን አስረዘሙለት።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ያ ጠረጴዛ ቤት ውስጥ የተሠራ ነውና በበሩ የማይወጣ ሆነ። ጋሽ ስለሺ መጋዝ ይዘው ፊቱ ቆሙ። ሊቆርጡት እጃቸው አልታዘዝ አለ።

አቶ ክፍሌ ገብተው አዩዋቸው። ተመልሰው ወጥተው መጥረቢያ ይዘው መጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው።

«ቤቱ የኔ አይደል እንዴ?» ብለው የጭቃውን ግድግዳ መቱት። ሐጂም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከውጭ በኩል ጀመሩ። እትዬ የሺመቤት አቧራው መሐል ቆመው «ኧረ ቢያንስ መጋረጃዬን ላውርድ!» ይላሉ። ጠረጴዛው ከነተራራው፣ ከነዋሻው፣ በፈረሰው ግድግዳ ወጥቶ የሐጂ መኪና ላይ ተጫነ። ሻሸመኔ ወደሚሄደው ትልቅ መኪና ሊያዛውሩት እስከ ሮቤ ሸኘናቸው። ጋሽ ስለሺ ጭነቱ ላይ ወጥተው፣ ካፖርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርበው፣ ዋሻውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሄዱ። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ባርኔጣቸውን እያየ እጁን ያውለበልብ ነበር።

ሮቤ ኬላ ላይ ጠባቂው አስቆመን። «ምን ጭናችኋል?»

«ባቡር» አሉ ሐጂ ከመሪው ላይ።

«ባቡር በመኪና ይጫናል እንዴ?»

«ሐዲዱ እስኪደርስ ነው» አሉት። ሰውዬው ሽቅብ አየ፤ ጋሽ ስለሺ በትሕትና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። አሳለፈን።

ጠረጴዛውን ትልቁ መኪና ላይ አዛውረን ተሰናበትን። እትዬ የሺመቤት ሁላችንንም ሳሙ። ጋሽ ስለሺ የሁለቱን ባትሪዎች መለሱ፤ ከመመለሳቸው በፊት ግን ሁለቱንም ቀመሱ። ከዚያ ትልቁ መኪና በዲንሾ በኩል ወጣ፤ አቧራው እስኪጠፋ ቆመን አየን።

ሐጂ መሪው ላይ፣ አቶ ክፍሌ በሌላው ጎን፣ እኔ መሐል ሆነን ወደ ጎባ ተመለስን። ባዶው መኪና በየጉድጓዱ ላይ ይንኳኳል። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ አቶ ክፍሌ ወደ ሐጂ ዞሩ።

«ሐጂ» አሉ፣ «እንግዲህ እሑድ ምን እንሠራለን?»

ሐጂ ከድር መሪውን አዙረው አንድ ጉድጓድ አሳለፉ።

«እኔ ቤት ትመጣለህ» አሉ፤ «ሻይ እንጠጣለን፣ እንጨቃጨቃለን።»